ኦርኬስትራን በአዳራሽ ተገኝቶ ስለ መስማት፤ በቻይኮቭስኪ 6ኛ ሲምፎኒ ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ኤውሮፓ ሙዚቃ በተማሪዎች መካከል ጨዋታ በተነሣ ቍጥር ሁለት ዐይነት አስተያየት ሲሰነዘር እንሰማለን። አንደኛው ወገን፣ ሙዚቃ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ቋንቋ ነውና ሲምፎኒ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ከቪዬናው ሰው እኩል ልቡ ይነካል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ባላደግንበት ዜማ ማልቀስ የተዋስነው እንባ ነው፤ ይኸውም ሠልጥኗል ለመባል የሚደረግ ነው ሲል ይመልሳል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በሣቅ ነው። እኛም ከሁለቱ ባንዱ ቆመን የተከራከርንበት ጊዜ ነበር፤ የቆምነውም ከሁለተኛው ጋር ነው። አሁን ግን ክርክሩ የተነሣበት መሠረት ራሱ የተሳሳተ ሳይሆን አይቀርም ወደሚል ሐሳብ ደርሰናል። ምክንያቱም ሁለቱም ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ሲምፎኒ ሰምተው ሳይሆን የሲምፎኒ ቅጂ ሰምተው ነው።

ይህን ሐሳብ በጠቅላላ አነጋገር ከማስፋፋት ይልቅ በአንድ ድርሰት ላይ ብንመረምረው የተሻለ ይሆናል። የመረጥነው የሩሲያዊውን የፒዮትር ኢሊች ቻይኮቭስኪን 6ኛ ሲምፎኒ ነው። ድርሰቱ «ፓቴቲክ» በሚለው ስሙ በይበልጥ ይታወቃል፤ የሩሲያኛው ቃል ግን ብዙዎች እንደሚመስላቸው አሳዛኝ ማለት ሳይሆን በብርቱ ስሜት የተሞላ ማለት ነው። ቻይኮቭስኪ ድርሰቱን በ1893 ጽፎ ለእኅቱ ልጅ ለቭላድሚር ዳቪዶቭ መታሰቢያ አድርጎታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አራት ክፍሎች አሉት፤ በጠቅላላው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

እኛ ይህን ሲምፎኒ መጀመሪያ ያወቅነው እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን በእጅ ስልክ ነው። በመኝታ ክፍላችን አልጋ ላይ ተጋድመን፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተን፣ ከታች ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጩኸት እየገባብን ሰማነው። ቈየት ብሎም አንድ መምህራችን በቤታቸው ያለውን አሮጌ ሸክላ እንድንሰማ ፈቅደውልን ነበር። በዚያን ጊዜ በማስታወሻ ደብተራችን ላይ የጻፍነው ፍርድ ዛሬም አለ። ዜማው ያምራል፤ ነገር ግን ኀዘኑ ከልክ ያለፈ ነው፤ ድርሰቱ በሽታውን ማስታመም የሚወድ በሽተኛ ይመስላል የሚል ነው። ይህ ፍርድ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ቻይኮቭስኪን ስሜቱን መግታት የማይችል ደራሲ ነው እያሉ የሚነቅፉት ሐያስያን በኤውሮፓም ሞልተዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአጭር ጊዜ ትምህርት ወደ አንድ የኤውሮፓ ከተማ በሄድን ጊዜ ያንኑ ሲምፎኒ በአዳራሽ ተቀምጠን ለመስማት በቃን። ለተማሪ በርካሽ የሚሸጠው ትኬት ከመድረኩ በስተጎን ከፍ ብሎ ባለው ሰገነት ላይ የሚያስቀምጥ ነበር። ከዚያ ቦታ ድምፁ ተመጣጥኖ አይሰማም ይባላል። ቅርብ ያለው መሣሪያ ይጮኻል፤ ሩቅ ያለው ይደበዝዛል። ነገር ግን የሙዚቀኞቹ እጅ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ያ ርካሽ መቀመጫ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሲምፎኒው የሚጀምረው ኮንትራባሶቹ ከታች በያዙት ድምፅ ላይ ባሶኑ ብቻውን በሚያሰማው ዝቅ ያለ ዜማ ነው። ይህን እናልፈዋለን። ልናቆም የምንወደው በአንደኛው ክፍል መካከል ላይ ነው። በዚያ ስፍራ የመጀመሪያው ታላቅ ዜማ ተዘምሮ ካለቀ በኋላ ክላሪኔቱ ዜማውን ብቻውን እየደገመ፣ እየቀነሰ፣ እየራቀ ይሄዳል፤ የመጨረሻዎቹን አራት ድምፆች ደግሞ ባሶኑ ተቀብሎ ወደ ታች ያወርዳቸዋል። በኖታ ጽሕፈት ለስላሳነት የሚመለከተው «ፒ» በምትባለው የላቲን ፊደል ነው። አንዲቱ ለስላሳ፣ ሁለቱ በጣም ለስላሳ ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ደራስያንም ከሦስት አያልፉም። ቻይኮቭስኪ እዚህ ላይ ስድስት ጻፈ። ከዚያ ወዲያው፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ፣ ኦርኬስትራው በሙሉ በአንድነት ይመታል።

በስልክ ስንሰማ በዚህ ስፍራ የምናደርገውን እናስታውሳለን። ክላሪኔቱ ሲደክም ድምፅ መጨመሪያውን እንጫናለን፤ ኦርኬስትራው ሲመታ ጆሯችንን እንዳይጐዳ ፈጥነን እንቀንሳለን። እንግዲህ ደራሲው ስድስት ፊደል ደርድሮ ያራራቀውን ነገር እኛ በአውራ ጣታችን አቀራርበን አንድ አደረግነው ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ድርሰቱ ከልክ ያለፈ ነው ብለን ፈረድንበት! ልኩን ያጠፋነው እኛው ራሳችን ነበርን።

በአዳራሹ ውስጥ የሚጨምሩት ወይም የሚቀንሱት ነገር የለም። ክላሪኔቱ እየራቀ ሲሄድ ከሩቅ ማዶ እንደሚሰማ የእረኛ ዋሽንት ወደ እሱ ማዘንበል ግድ ይሆናል፤ እኛም በእውነት ከወንበራችን ወደ ፊት አዘነበልን። ቀና ብለን ብናይ በፊት ለፊቱ ሰገነት ያሉት ሰዎችም እንደዚሁ አዘንብለው ነበር። ሳሉን የያዘ ያዘ፤ ወረቀት የሚያገላብጥ እጁን ገታ። በዚያን ጊዜ የተረዳነው ነገር፣ ያ ለስላሳ ድምፅ የክላሪኔቱ ሥራ ብቻ አለመሆኑን ነው። አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ትንፋሹን ባይሰበስብ ኖሮ ድምፁ ለመሰማት አይበቃም ነበር። ስለዚህ ግማሹን የሚጫወተው ሰሚው ነው። ኦርኬስትራው በመታ ጊዜም የደነገጥነው ስለ ጮኸ ብቻ አይደለም፤ ከአደባባይ የሚጮኽ ነገር ሁልጊዜ እንሰማለን። የደነገጥነው በገዛ እጃችን ስንሠራው የቈየነው ጸጥታ ስለ ፈረሰብን ነው።

በዚሁ ስፍራ ላይ ለሙዚቃ ተማሪዎች አንድ ነገር ብናነሣ ደስ ይለናል። ባሶን በዚያ ዝቅተኛ ቦታ ያን ያህል ለስልሶ መጫወት ስለሚያስቸግረው ብዙ የኦርኬስትራ መሪዎች አራቱን ድምፆች ከባሶን ወስደው ባስ ክላሪኔት ለሚባለው መሣሪያ ይሰጣሉ፤ እኛ በሰማነው ኮንሰርትም የሆነው ይኸው ነው። ድምፁ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነበር። ሆኖም ደራሲው የጻፈው ለባሶን ነው፤ የማይቻለውን ለመቻል የሚጣጣር ሰው ጭንቀትም የድርሰቱ አካል ሳይሆን አይቀርም። የተመቻቸውን መንገድ በመምረጣቸው ያተረፉትን ያህል አጥተዋል እንላለን።

ከዚያ ብርቱ ምት በኋላ በሚመጣው ሁከት መካከል የነሐስ መሣሪያዎቹ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያሰማሉ። ይኸውም የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን በምታደርገው ጸሎት፣ ነፍስን ከቅዱሳን ጋር አሳርፍ እየተባለ የሚዜመው ነው። ይህን ያወቅነው ከመጽሐፍ እንጂ ከጆሯችን አይደለም። እኛም ፍትሐት ባለበት አገር ያደግን ብንሆን፣ ዜማው ግን ለጆሯችን ፈጽሞ እንግዳ ነው፤ ባይነገረን ኖሮ ከሌላው የነሐስ ድምፅ ሳንለየው ባለፈ ነበር። የፒተርስበርግ ሰው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በቀብር ላይ የሰማው ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ሁለተኛው ወገን እውነት አለው፤ ሙዚቃ የዓለም ሁሉ ቋንቋ ነው የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይሰበራል። በዚህ ስፍራ የተሰማን ነገር አልነበረም፤ የተሰማን ብናስመስል ኖሮ በእርግጥ የተዋስነው እንባ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል በአምስት ምት የሚሄድ ጭፈራ መሰል ነገር ነው። ያማረ ነው፤ በስልክም በአዳራሽም ያው ነው።

ሦስተኛው ክፍል ግን ጣጣ አለበት። ይህ ክፍል እየፈጠነና እየገነነ የሚሄድ ማርሽ ነው፤ መጨረሻው ላይ መለከቱ፣ ትሮምቦኑ፣ ከበሮውና ጸናጽሉ አንድ ላይ ሆነው በድል ይዘጉታል። የማንኛውም ሲምፎኒ ማለቂያ ቢሆን ያምርበታል። ሰውም አለቀ ብሎ ያጨበጭባል። በሰማንበትም ማታ ከአዳራሹ ግማሽ የሚሆነው ሕዝብ አጨበጨበ፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ባጨበጨቡት ላይ ዞሮ ተቈጣ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች አጨብጫቢዎቹ መካከል ነበርን። ሲምፎኒው አራት ክፍል እንዳለው አሳምረን እያወቅን፣ ደብተራችን ላይም ጽፈነው ሳለ፣ እጃችን ከአእምሯችን ቀድሞ ተነሣ። መሪው ፊቱን ወደ ሕዝቡ ሳያዞር ዘንጉን ከፍ አድርጎ ቈየ፤ ጭብጨባው ገና ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አራተኛው ክፍል ተጀመረ።

በኤውሮፓ አዳራሾች በክፍሎች መካከል ማጨብጨብ እንደ ነውር ከተቈጠረ ቈይቷል፤ በቻይኮቭስኪ ዘመን ግን የተለመደ ነገር ነበር። እንግዲህ ደራሲው ከዚያ ክፍል በኋላ ጭብጨባ እንደሚመጣ ሳይገምት የጻፈ አይመስለንም። ያጨበጨበ ሰው ስለ ተደሰተ፣ ደስታውንም በአደባባይ ስለ ገለጸ፣ ወዲያው የሚመጣውን ኀዘን የሚቀበለው እጁ ገና በአየር ላይ እንዳለ ነው። እናፍራለን። ያ እፍረት በየትኛውም ሸክላ ላይ አልተቀረጸም፤ ሊቀረጽም አይችልም። ዝም ብለው የተቀመጡት ጨዋ ሰሚዎች ይህን ሳያገኙ ቀሩ ብንል የራሳችንን ጥፋት ማስተባበል ይመስልብን ይሆናል፤ ቢሆንም እንለዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። አራተኛው ክፍል የሚጀምረው ቀስ ብሎ ወደ ታች በሚወርድ የልቅሶ ዜማ ነው። በስልክም ሆነ በሸክላ የሰማ ሰው ቫዮሊኖቹ ያን ዜማ ተጫወቱት ብሎ ያልፋል። እኛም እንደዚሁ ብለን አልፈን ነበር። ከሰገነቱ ላይ ሆነን ስንመለከት ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አየን። በዚያ ማታ አንደኛ ቫዮሊኖች ከመሪው በስተግራ፣ ሁለተኛ ቫዮሊኖች በስተቀኝ ተቀምጠው ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ይህ አቀማመጥ የተለመደ ሲሆን ዛሬ ብዙ ኦርኬስትራዎች ሁለቱንም ወገን በግራ በኩል ያስቀምጧቸዋል። ዜማው ሲጀመር ዜማውን የሚጫወተው ማን እንደሆነ ለማየት በግራ ያሉትን ተመለከትን። የእነሱ ደጋን የሚሄደው ዜማው በሚሄድበት መንገድ አይደለም፤ ይዘላል፣ ይቋረጣል። በቀኝ ወዳሉት ዞርን። የእነሱም እንደዚሁ ነው። ዜማው ግን በጆሯችን ውስጥ ሳይቋረጥ ይወርዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻይኮቭስኪ የዜማውን አንዱን ድምፅ ለአንደኛ ቫዮሊኖች፣ ቀጥሎ ያለውን ለሁለተኛ ቫዮሊኖች፣ እንደገና ለአንደኛዎቹ፣ እንደገና ለሁለተኛዎቹ እያደረገ ድምፅ በድምፅ ከፋፍሎታል። ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ለብቻ ብንሰማው የረባ ዜማ አይወጣውም፤ እዚህና እዚያ የሚረግጥ አንካሳ ነገር ነው። ዜማው የሚገኘው በሁለቱ መካከል፣ በአየር ላይ ብቻ ነው። በመድረኩ ላይ ያን ልቅሶ ያለቀሰ አንድም ሰው የለም፤ ልቅሶው ግን ይሰማል።

በዚህ ጊዜ አገራችን ትዝ አለችን ብንል የሚነቅፈን አይኖርም ብለን እናምናለን። በለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ስታወርድ ለቀስተኛው ይቀበላታል፤ ኀዘኑ የአንዲት ሴት አይደለም፤ እያስተላለፉ የሚሸከሙት ነው። ልዩነቱ ግን ግልጥ ነው። የእኛ ሙሾ አውራጅ የምታወርደው ስንኝ በራሱ ሙሉ ነው፤ ተቀባይ ባይኖርም ስንኙ ስንኝ ነው። የቻይኮቭስኪ ቫዮሊኖች ግን አንዳቸው ያለ ሌላው ምንም አይደሉም። ይህንንም ያደረገው ሌላ መንገድ አጥቶ አይደለም። ያው ዜማ በክፍሉ ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ ለአንደኛ ቫዮሊኖች ሙሉውን ሰጥቷቸዋል፤ በዚያን ጊዜ የግራዎቹ ደጋኖች ከዜማው ጋር አብረው ሲሄዱ በዐይናችን አይተናል። የመጀመሪያውን ለምን ከፋፈለው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ነው፤ የእኛ ሥራ የደራሲውን ልብ መመርመር አይደለም። በሰሚው ላይ የሆነውን መናገር ግን እንችላለን። ድርሰቱ ራሱን የሚያስታምም በሽተኛ ይመስላል ያልነው ፍርድ በዚህ ስፍራ ወደቀ። ራሱን የሚያስታምም ሰው ልቅሶውን ይዞ ለብቻው ይቀመጣል እንጂ እንዲህ ለብዙ ሰው አያከፋፍለውም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንናገር። ወደ መጨረሻው ግድም ታም ታም የሚባለው ሰፊው የነሐስ ደወል አንዲት ጊዜ ብቻ በዝግታ ይመታል። ያን የሚመታው ሰው ሲምፎኒው ከተጀመረ ጊዜ አንሥቶ ይህችን አንዲት ምት ሲጠብቅ ቈይቷል፤ ከመምታቱ በፊት ከወንበሩ ተነሥቶ መዶሻውን ሲያነሣ እናያለን፤ ስለዚህ ድምፁ ከመድረሱ በፊት ፍርሃቱ ይደርሳል። ትሮምቦኖቹና ቱባው እንደ ጸሎት ያለ ነገር ዝቅ አድርገው ያሰማሉ። ከዚያ ቫዮሊኖቹ አንድ በአንድ ይተዋሉ፤ ደጋናቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። የሚጫወቱት ቼሎዎችና ኮንትራባሶች ብቻ እየሆኑ ይሄዳሉ። በመጨረሻም እነሱም ያቆሙ መሰለን፤ ነገር ግን የአንድ ኮንትራባስ ተጫዋች ክንድ ገና ይንቀሳቀስ ነበር። ድምፁን አንሰማም፤ ክንዱን ግን እናያለን። እየሰማን እንደሆነ ወይም እያየን ብቻ እንደሆነ ለመለየት ያቃተን በዚያን ጊዜ ነው። መሪው እጁን እስኪያወርድ ድረስ ማንም አላጨበጨበም። ዐይናችን እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይህን መደበቅ ለሐያሲ አይገባም።

እንግዲህ ያ እንባ ከየት መጣ? ከኤውሮፓ ሊቃውንት መካከል በዚህ ጥያቄ ላይ ተቃራኒ መልስ የሰጡ ሁለት ሰዎችን ብንመለከት ይበጃል። የቪዬናው ሐያሲ ኤድዋርድ ሐንስሊክ በ1854 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የሙዚቃ ይዘት የሚንቀሳቀሱ የድምፅ ቅርፆች እንጂ ስሜት አይደለም ሲል አስተማረ። (የቻይኮቭስኪን የቫዮሊን ኮንቼርቶ በ1881 ክፉኛ የነቀፈው እሱ ነው።) ሩሲያዊው ሌዎ ቶልስቶይ ደግሞ በ1898 ስለ ኪነ ጥበብ ባወጣው መጽሐፉ፣ ኪነ ጥበብ ማለት አንዱ ሰው የተሰማውን ወደ ሌላው እንደ ተላላፊ በሽታ የሚያሸጋግርበት መንገድ ነው አለ። ቶልስቶይ ራሱ በ1876 በሞስኮ የቻይኮቭስኪን የመጀመሪያ ኳርቴት ሲሰማ፣ ደራሲው ከጎኑ ተቀምጦ ሳለ፣ አልቅሷል።

እኛ እንደሚመስለን ሐንስሊክ የዘነጋው ሰሚውን ነው፤ ቶልስቶይ የዘነጋው ሙዚቀኞቹን ነው። ሐንስሊክ የሚናገረው ኖታው በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቢነበብ እንኳ ስለሚታየው ነገር ነው። ቶልስቶይ ደግሞ ስሜቱ ከደራሲው ልብ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሚው ልብ እንደሚገባ አድርጎ ይናገራል፤ በመካከል ያሉት ሰማንያ ወይም ዘጠና ሙዚቀኞች እንደ ቧንቧ ናቸው። በሰገነቱ ላይ ያየነው ግን ቧንቧ አይደለም። ከቫዮሊኖቹ መካከል አንዳቸውም ያን ማታ አዝነው ነበር ለማለት ማስረጃ የለንም። ምናልባት ስለ ቤት ኪራይ ያስቡ ነበር። የሠሩት ሥራ ግን እርስ በርስ ካልተጠባበቁ ፈጽሞ የማይሆን ነበር፤ አንዱ ድምፅ ጥቂት ቢዘገይ ዜማው ይበጠሳል። ያ ሁሉ ሰው ሊበጠስ የሚችለውን ነገር ሳይበጥስ ሲያሻግረው በዐይናችን እያየን፣ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ከሚያሻግሩት መካከል ሆነን ሳለ ነው ልባችን የተነካው። ይህን ለማግኘት የፒተርስበርግ ሰው ሆኖ መወለድ አያስፈልግም፤ ዓለም ሁሉ አንድ ቋንቋ ይናገራል ማለትም አያስፈልግም። በዚያ ክፍል ውስጥ መገኘት ብቻ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ማስረጃውም ከዚሁ ሲምፎኒ ታሪክ የሚገኝ ነው። ድርሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በኦክቶበር 28 ቀን 1893 በፒተርስበርግ የመኳንንት አዳራሽ በራሱ በቻይኮቭስኪ መሪነት ነው። ሕዝቡ ደራሲውን አከበረ፤ በድርሰቱ ግን ግራ ተጋባ። ከ9 ቀን በኋላ ቻይኮቭስኪ በ53 ዓመቱ ሞተ፤ የሞቱም ምክንያት ኮሌራ ነው ተባለ። በኖቬምበር 18 ቀን ያው ድርሰት በዚያው አዳራሽ በኤድዋርድ ናፕራቭኒክ መሪነት ሲደገም ሕዝቡ እጅግ ተነካ። ከ3 ሳምንት በፊት ግራ ያጋባው ማለቂያ አሁን የደራሲው ስንብት ሆኖ ተሰማ። ኖታው ያው ነው፤ አዳራሹም ያው ነው። እንግዲህ ያስለቀሰው የደራሲው ሞት እንጂ ኦርኬስትራው አይደለም ቢባል ምን እንመልሳለን?

እውነት ነው፤ የኖቬምበሩ ሕዝብ የመጣው አልቅሶ ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ያለ ሞት ዜና ሲምፎኒውን ሰምቶ ለተነካ ሰው መልስ አይሰጥም። እኛ ደራሲው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው የሰማነው፤ ስለ እሱ ለማልቀስ አልሄድንም፤ ይልቁንም ድርሰቱን ለመናቅ ተዘጋጅተን ነው የሄድነው። የኦክቶበሩ ሕዝብ ግራ መጋባትም የሚያስደንቅ አይደለም። ሲምፎኒ በታላቅ ድምፅ በሚያልቅበት ዘመን በዝምታ የሚያልቅ ሲምፎኒ ቀረበላቸው፤ መቼ እንደሚያጨበጭቡ እንኳ አያውቁም ነበር። ሞቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ያን ዝምታ እንዴት እንደሚቀመጡበት ማስተማሩ ነው።

ስለ አዳራሹ ከተነሣ አይቀር፣ ያ አዳራሽ ዛሬም አለ፤ የከተማይቱ ፊልሃርሞኒያ ታላቅ አዳራሽ ነው። በጀርመኖች ከበባ ጊዜ፣ በኦገስት 9 ቀን 1942፣ የሾስታኮቪች 7ኛ ሲምፎኒ በሌኒንግራድ የተሰማው እዚያው ነው። መሪው ካርል ኤሊያስበርግ በማርች ወር የራዲዮውን ኦርኬስትራ ለልምምድ ሲጠራ ከረኀብ ተርፎ ለመጫወት የበቃው ሰው 15 ያህል ብቻ ነበር፤ የጐደለው ከጦሩ የማርሽ ባንድ እየተመረጠ ተሞላ፤ ለተጫዋቾቹም የምግብ ጭማሪ ተሰጠ። ጠላት በኮንሰርቱ ሰዓት እንዳይተኩስ የሶቪየት መድፎች ቀድመው ደበደቡት። ከጦርነቱ በኋላ ግን ድርሰቱን ብዙ የምዕራብ ሐያስያን ዝቅ አድርገው ተመለከቱት። በአንደኛው ክፍል አንድ የማርሽ ዜማ ከታናሽ ከበሮ ጋር እየተደጋገመ የሚያድግበት ረዥም ስፍራ አሰልቺና ርካሽ ነው አሉ። እኛም በሰማነው ቅጂ ላይ ብንፈርድ ከነሱ ጋር እንስማማለን። ይሁን እንጂ የሰማነው በቅጂ ብቻ ስለ ሆነ፣ እስካሁን በተናገርነው ነገር የታሰርን ነንና ፍርዳችንን ለጊዜው እናቆየዋለን። አዳራሽ መጥፎውን ድርሰት መልካም ያደርገዋል ማለታችን ግን አይደለም። በሰማንበት ማታ ከቻይኮቭስኪ በፊት የቀረበ አንድ አጭር ድርሰት ነበር፤ ስሙን እንኳ አናስታውሰውም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት በተነሣን ጊዜ ያየነውን ለጓደኞቻችን እናሳይ ብለን ባለፈው ወር አንድ ማታ ሲምፎኒውን በማጉያ አሰማን። ወንበሮቹን ከድምፅ ማጉያው ፊት አቆምን፤ ስልክ እንዲዘጋ ለመንን፤ ድምፁንም አንድ ጊዜ ከመጠንነው በኋላ ማንም እንዳይነካው ተስማማን። 30 የምንሆን ተማሪዎች ተገኘን። ክላሪኔቱ እየራቀ ሲሄድ ከፊት ያሉት ጥቂቶች ወደ ፊት አዘነበሉ፤ ደስ አለን። ባሶኑ ሊቀበል ሲል ከኋላ አንድ ጓደኛችን፣ «አይሰማም! ጨምሩት!» አለ፤ ማጉያው አጠገብ የነበረውም ልጅ እጁን ዘርግቶ ጨመረው።